ችግኝ በደጅ፥ ስብርባሪ በጓሮ

ክረምት በገባ ቁጥር እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመምህራኖቻችን ጋር አካፋና ዶማ ይዘን ችግኝ ለመትከል እንወጣለን። የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ይህ ልማድ በየመሥሪያ ቤቱ ስለ ገባ፥ ሆስፒታሎችም ከደጃቸው ላይ ችግኝ ተክለው፥ በዙሪያው ድንጋይ ደርድረው፥ ድንጋዩንም ነጭ ቀለም ቀብተው ይታያሉ። መልካም ሥራ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን በዋናው በር ገብቶ፥ ካርድ ክፍሉን አልፎ፥ የልብስ ማጠቢያውን ዞሮ ወደ ጓሮው የዘለቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው ሌላ ነው። ሽፋኑ የተገነጠለ ማምከኛ፥ እግሩ የተሰበረ የማዋለጃ አልጋ፥ በሩ የወለቀ የክትባት ፍሪጅ፥ ስሙ እንኳ የማይታወቅ የላቦራቶሪ መሣሪያ እርስ በርሱ ተደራርቦ ሣር በቅሎበታል። ሆዱ ያበጠ ባትሪ አሲዱን መሬት ላይ ያንጠባጥባል፤ ዝናቡም ያንን አጥቦ ይዞት ይወርዳል። ወዴት እንደሚወርድ የጠየቀ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

አካባቢን መጠበቅ ማለት ዛፍ መትከል ብቻ ነው ብለን ስለ ያዝን፥ በደጅ እየተከልን በጓሮ የምንመርዝ ሆነናል። እኔ በበኩሌ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በሆስፒታል ግቢ ውስጥ አፈሩንም፥ ውሃውንም፥ አየሩንም ከሁሉ አብልጦ ሊጠብቅ የሚችለው አትክልተኛው ሳይሆን፥ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዞ ከምድር ቤት የተቀመጠው የጥገና ሠራተኛ መሆኑን ነው። ይህን ሰው ደግሞ እኛ ተምረናል የምንለው ወገኖች ንቀነዋል። ሐኪሙን እናከብራለን፤ መሣሪያውን በርዳታ ያስመጣውን ባለሥልጣን ሪባን ሲቆርጥ እናጨበጭብለታለን፤ መሣሪያው በሦስተኛው ወር ሲቆም የሚጠራውን ሰው ግን ስሙን አናውቀውም።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። አንድ የሕክምና መሣሪያ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ብረቱ ተቆፍሮ፥ መዳቡ ቀልጦ፥ ፕላስቲኩ ከነዳጅ ዘይት ተሠርቶ፥ በመርከብ እስከ ጅቡቲ፥ ከጅቡቲም በከባድ መኪና ተጭኖ ነው የሚመጣው። ገና አንድ በሽተኛ ሳይረዳ ብዙ ጭስ ተጨሶበታል። «ሄልዝ ኬር ዊዝአውት ሃርም» የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት፥ የዓለም ጤና አገልግሎት በጠቅላላው ምድርን ከሚያሞቀው ጋዝ 4.4 በመቶ የሚሆነውን እንደሚያወጣ፥ ከዚህም ውስጥ 71 በመቶው የሚመጣው ሆስፒታሎች ራሳቸው ከሚያነዱት ሳይሆን ከሚገዟቸው ዕቃዎችና አገልግሎቶች አመራረት፥ ማጓጓዣና አወጋገድ እንደ ሆነ አስልቷል። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከውሃ ኃይል የሚመነጭ ስለ ሆነ፥ በእኛ ዘንድ ሸክሙ ወደ ግዢው ይብሱን ሳያጋድል አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። እንግዲህ ሒሳቡ ቀላል ነው። አሥር ዓመት ሊያገለግል የሚችል መሣሪያ በሦስተኛው ዓመት ከሞተ፥ ለአሥር ዓመት ሥራ ሦስት ወይም አራት መሣሪያ ማስመጣት ግድ ይሆናል፤ ሦስት አራት ጊዜም ያው ብረት ይቆፈራል፥ ያው መርከብ ይጫናል፥ ያው ጓሮ ይሞላል።

ለመሆኑ ምን ያህሉ ይሞታል? ፔሪና ማልኪን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ከ16 አገሮች የተሰበሰበ፥ ከ112,000 በላይ መሣሪያዎችን የያዘ ዝርዝር መርምረው በአማካይ 38.3 በመቶው ከሥራ ውጭ ሆኖ አግኝተውታል። ምክንያት ብለው የዘረዘሩትም በአብዛኛው የሥልጠና ማነስ፥ የአስተዳደር ጉድለትና የመብራትና የውሃ አለመሟላት ነው። ይህ ያሳዝናል፤ እኔን ያነቃኝ ግን ይኸው ማልኪን ኪን ከሚባል ባልደረባው ጋር ከዚያ በፊት፥ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተመው ሌላ ጥናት ነው። በ11 አገሮች ካሉ 60 ችግረኛ ሆስፒታሎች ተበላሹ ተብለው የተመዘገቡ 2,529 መሣሪያዎችን መርምረው፥ 72 በመቶው ከውጭ አገር አንድም መለዋወጫ ሳይመጣ ወደ ሥራ ሊመለስ የሚችል መሆኑን ደረሱበት። ሁለት ሦስተኛ የሚሆነውንም ለመጠገን የሚበቃው 107 የሙያ ክህሎት ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ እነሱም የኤሌክትሪክ፥ የመካኒክ፥ የቧንቧ፥ የሞተርና መሣሪያውን ለሚይዘው ሠራተኛ አያያዙን የማሳየት ዕውቀት ናቸው።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልብ በል። ከአራት የተጣለ መሣሪያ ወደ ሦስት የሚጠጋው የተጣለው ስለ ሞተ ሳይሆን የሚያክመው ስላጣ ነው።

አሁን ወደ ዝርዝሩ ልግባ፤ ምክንያቱም ይህን ጉዳይ በአጠቃላይ ቃል የሚናገሩት ብዙዎች ናቸው፥ ከመሣሪያው አጠገብ ቆመው የሚያስረዱት ግን ጥቂቶች ናቸው። አውቶክሌቭ የተባለውን ማምከኛ እንውሰድ። ሥራው ውሃ አፍልቶ፥ እንፋሎቱን አምቆ፥ በ121 ዲግሪ ሙቀት የቀዶ ጥገና ዕቃዎችን ከተሕዋስያን ማንጻት ነው። ውሃው ማዕድን የበዛበት ሲሆን፥ በሻይ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ እንደምናየው ዓይነት ነጭ ቅርፊት ማሞቂያው ላይ ይጋገራል። ቅርፊቱ ሙቀቱን እንደ ጋቢ አፍኖ ስለሚይዘው ውሃው ለመፍላት ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ ብዙ ኤሌክትሪክም ይበላል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያን ሁሉ የሚችለው የጄነሬተሩ ናፍጣ ነው። በመጨረሻ ማሞቂያው ራሱን በራሱ አቃጥሎ ይቆማል። ከዚህ ጋር የበሩ ጎሚኒ ደርቆ ሲሰነጠቅ እንፋሎቱ በጎን እያመለጠ ግፊቱ አይሞላም። ነርሷ ደጋግማ ታስነሣዋለች፤ አንድ ጊዜ ሊፈጸም የሚገባው ሥራ ሦስት ጊዜ ይሆናል። ማምከኛው ከነጭራሹ ሲቆምም ዕቃው በረኪና ውስጥ ይዘፈዘፋል፥ በረኪናውም ብረቱን ይበላዋል፤ ወይም አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶበት የሚጣል ዕቃ በካርቶን ይገዛል፤ ወይም በሽተኛዋ በአምቡላንስ ወደ ሌላ ከተማ ትላካለች። ይህ ሁሉ የሚቀረው በመመሪያው መሠረት ቅርፊቱን በሚያሟሟ ነገር በማጠብ፥ የተጣራ ውሃ በመጠቀምና በጊዜው ጎሚኒ በመቀየር ነበር። አንድ ጎሚኒ ምን ያህል ናፍጣ እንደሚያድን ማንም ቁጭ ብሎ አልቆጠረም፤ ስለዚህም በማንም ሪፖርት ውስጥ አይገባም።

ሁለተኛው ምሳሌዬ የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ነው። ይህ መሣሪያ የክፍሉን አየር ስቦ ዜኦላይት በሚባል ማዕድን ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ማዕድኑ ናይትሮጅኑን ይዞ ሲያስቀር ኦክስጅኑ ለበሽተኛው ይሄዳል። ከጀርባው አቧራ የሚያስቀር ስፖንጅ አለ፤ እሱን በየሳምንቱ በሳሙና አጥቦ፥ አድርቆ መመለስ ያስፈልጋል። ሥራው ይኸው ነው። ስፖንጁ ሲደፈን ግን መሣሪያው ትንፋሹ አጥሮት ይሞቃል፤ ሞተሩ ይጎዳል፤ እርጥበትም ዜኦላይቱን ያበላሸዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ድምፁ ሳይለወጥ እየጮኸ የሚሰጠው አየር የኦክስጅን መጠኑ ሊኖረው ከሚገባው ከ82 በመቶ በታች የሚወርድ መሆኑ ነው። እናት ልጇ ኦክስጅን እያገኘ ይመስላታል። መሣሪያው ተበላሸ ሲባልም ሆስፒታሉ ከባድ የብረት ሲሊንደር በመኪና ጭኖ ከሩቅ ከተማ ማመላለስ ይጀምራል። ያልታጠበ ስፖንጅ ስንት በርሜል ነዳጅ ያስነድዳል!

ባለፈው ክረምት ለተግባር ልምምድ በተመደብሁበት፥ ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል ግምጃ ቤት ማእዘን እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ተከምረው አገኘን። ሁለቱ ከስፖንጅ መታጠብና ከአንድ ፊውዝ በቀር የጎደላቸው ነገር አልነበረም። ይህን የደረስንበት እኔና ጓደኞቼ የተለየን ሊቃውንት ስለ ሆንን አይደለም፤ ከእኛ በፊት የከፈታቸው ስላልነበረ ነው። ሸበቶው የጥገና ሠራተኛ፥ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፥ የኦክስጅኑ መጠን በመለኪያ ሳይታይ ወደ ሕፃናት ክፍል እንዳናስገባቸው ከለከሉን። ልክ ነበሩ። እኒሁ ሰው ለአንድ ፊውዝ መግዣ ሦስት ፊርማ እንደሚያስፈልጋቸው፥ አዲስ መሣሪያ ሲገዛ ግን አስተያየታቸውን የጠየቃቸው ሰው እንዳልነበረ እየሳቁ አጫወቱን። ሳቁ ለእኔ ሳቅ አልመሰለኝም።

የክትባት ፍሪጅ ነገር ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ቀድሞ የኤሌክትሪክ መስመር በማይደርስበት ስፍራ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በላምባ የሚነድ ፍሪጅ ነበረ፤ ክሩን ማስተካከልና ጥላሸቱን መጥረግ፥ ላምባውንም ማመላለስ የማያልቅ ሥራ ነበር። ቀጥሎ በፀሐይ ኃይል ባትሪ የሚሞላው መጣ። ፓነሉ ብዙ ዓመት ሲያገለግል ባትሪው በጥቂት ዓመት ይሞታል፤ አዲስ ባትሪ የሚገዛበት በጀት ስለማይገኝ ፍሪጁ ቁም ሣጥን ሆኖ ይቀራል። ዛሬ ግን ቅዝቃዜውን በባትሪ ፈንታ በበረዶ መልክ አከማችቶ ከፀሐይ በቀጥታ የሚሠራ ፍሪጅ አለ። ይህን የሠራ መሐንዲስ ከሥዕል ሰሌዳው ላይ ሳለ ጥገናን አስቦአል ማለት ነው፤ የሚበላሸውንና የሚመርዘውን አካል ከመነሻው አስወግዶታልና። ሆኖም ይህም ቢሆን ፓነሉን አቧራ ሲሸፍነው የሚጠርግለት ሰው ይፈልጋል።

በፍሪጁ ቧንቧ ውስጥ ስላለው ጋዝም አንድ ቃል ልበል። በብዙ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ የሚገኘው አር-134ኤ የተባለው ጋዝ፥ አንድ ኪሎው በመቶ ዓመት ውስጥ ምድርን በማሞቅ ረገድ ከ1,430 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እንደሚመጣጠን ተሰልቷል። ዓለም እ.ኤ.አ. በ2016 በኪጋሊ ተሰብስቦ እንዲህ ያሉት ጋዞች ቀስ በቀስ እንዲቀነሱ ተስማምቶአል። በእኛ ዘንድ ግን ፍሪጅ ጠጋኙ ቧንቧውን ከፍቶ «ትስ» አድርጎ ይለቀዋል። ጋዙ ሽታ የለውም፥ ቀለም የለውም፥ ከሳሽም የለውም። ጠጋኙን አልወቅስም፤ ጋዙን መልሶ የሚቀበል ፓምፕ ማንም አልሰጠውም። በአዳዲስ ፍሪጆች የገባው አይሶቡቴን የሚባለው ጋዝ ለአየሩ እጅግ የቀለለ ነው፤ ነገር ግን እሳት የሚይዝ ስለ ሆነ ሳይሠለጥን የሚነካው ሰው እጁን ያቃጥላል። ስለዚህ ለአየሩ የሚበጀው ዕቃ ሲመጣ ለሠራተኛው ሥልጠና አብሮ ካልመጣ አንዱን አደጋ በሌላው መለወጥ ይሆናል።

ስለ ባዜቃም፥ ማለት ስለ ሜርኩሪ፥ በአጭሩ ላንሣ። የድሮው የደም ግፊት መለኪያ ከ80 እስከ 100 ግራም የሚሆን ባዜቃ ይይዛል። መስተዋቱ ሲሰበር እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ከወለሉ ስንጥቅ ይገባል፤ የጽዳት ሠራተኛዋም በመጥረጊያ ስትበትነው ትነቱን ትስባለች። ስሙን ከጃፓን ከተማ ያገኘው፥ እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ባለ ባዜቃ ቴርሞሜትርና የግፊት መለኪያ ከ2020 በኋላ እንዳይመረትና ከአገር አገር እንዳይሸጥ ደንግጓል። የሚተካው ባለ ቀስት መለኪያ አይመርዝም፤ ነገር ግን ልኩን በየጊዜው የሚያስተካክልለት ሰው ካጣ ውሎ አድሮ ሐሰት ይናገራል፤ ሐኪሙም በሐሰቱ መድኃኒት ያዝዛል። እዚህም ላይ ዞሮ ዞሮ የምንደርሰው ያው የጥገና ሠራተኛ ዘንድ ነው።

የተተወ መሣሪያ እስከ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በብራዚል አገር በጎያኒያ ከተማ የሆነውን ያንብብ። አንድ የጨረር ሕክምና ተቋም ወደ ሌላ ሕንፃ ሲዛወር ሲዚየም-137 የያዘውን አሮጌ መሣሪያ ባዶ ቤት ውስጥ ትቶት ሄደ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1987 ሁለት ሰዎች የሚሸጥ ብረት ያገኙ መስሏቸው ራሱን ነቅለው ወሰዱ፤ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴም ተሸጠ። በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠውን ዱቄት ሰዎች ለዘመድ ለጎረቤት አካፈሉት፤ ልጆችም ነኩት። አራት ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱም አንዷ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። 112,000 የሚሆን ሕዝብ ተመርምሮ 249 ሰዎች ተበክለው ተገኙ፤ ቤቶች ፈረሱ፥ አፈሩ ተዝቆ ተቀበረ። ድኾቹ ብረት ለቃሚዎች ምን ጥፋት ነበረባቸው? ጥፋቱ መሣሪያውን ሲገዛ እንዴት እንደሚጀምረው እንጂ እንዴት እንደሚጨርሰው ያላሰበው ወገን ነው። በእኛም አገር በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው በኮባልት-60 መሣሪያ ነበረ፤ ለብዙ ዓመታትም በአገሩ ብቸኛው ማዕከል ሆኖ ብዙ ሕዝብ አገልግሎአል። እንግዲህ ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም፤ የእንዲህ ያለ መሣሪያ ቀብር ከልደቱ ቀን ጀምሮ ሊታሰብ ይገባል።

ስለ ርዳታ ዕቃም ዝም ማለት አይቻልም። ለጋሾቻችንን ማመስገን ተገቢ ነው። ዳሩ ግን በ110 ቮልት የሚሠራ መሣሪያ በ220 ቮልት ለሚሠራ አገር፥ መመሪያ መጽሐፉ ሳይኖር፥ በአገራችን ገበያ ፈጽሞ በማይገኝ ማጣሪያና ፈሳሽ የሚሠራ ዕቃ ሲመጣ፥ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ላሚቱ ከሰማይ ወርዳ ጓሮ ስትወድቅ ደግሞ የቀብሩ ወጪ የእኛ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው የመሣሪያ ልገሳ መመሪያ በሰጪው አገር ተቀባይነት የሌለው ዕቃ ለተቀባዩም ሊሰጥ እንደማይገባ ጽፎአል። መርሑ ተጽፎአል፤ እምቢ የማለት ወኔ ግን ከተቀባዩ መምጣት አለበት። እኛ ግን ባዶ እጅን ከመታየት የተሰበረ ዕቃ ይዞ መታየትን የመረጥን ይመስላል።

አሁን ደግሞ የተበላሸው ዕቃ ለምን ከጓሮ እንደማይነሣ እንይ። መሣሪያው በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖአል፤ በአንድ ሰው ስም ተመዝግቦአል። ያ ሰው ተዛውሮአል ወይም ጡረታ ወጥቶአል። ብሎኑን ፈትቶ ለሌላው መሣሪያ መለዋወጫ ማድረግ የመንግሥት ንብረት ማጉደል ተብሎ ሊያስጠይቅ ይችላል፤ ዝናብ እየደበደበው ሲበሰብስ ማየት ግን ማንንም አያስጠይቅም። የንብረት አወጋገድ ኮሚቴ አለ፤ ነገር ግን ኮሚቴው ተሰብስቦ፥ ዋጋ ተገምቶ፥ ጨረታ ወጥቶ እስኪፈጸም ሞተሩም፥ መዳቡም፥ ፓምፑም ዝገት ሆኖ ያልቃል። ከዚህ ጋር የመርካቶን ምናለሽ ተራ ያስተያዩ። እዚያ ዘይት የነበረበት ቆርቆሮ ምድጃ ይሆናል፤ የተጣለ ጎማ ጫማ ይሆናል። በየሰፈራችን «ቆራሌው» እያለ የሚዞረው ሰውዬ የሚጥለው ነገር የለም። ሕዝባችን ዕቃ መጣል አያውቅም፤ መጣልን የተማረው ከመሥሪያ ቤት ነው።

ይህን ስል የሚቃወሙኝ ወገኖች እንዳሉ አውቃለሁ። አንዳንዶቹ «የሕክምና መሣሪያ የሰው ነፍስ የሚይዝ ስለ ሆነ ከፋብሪካው ወኪል በቀር ማንም ሊነካው አይገባም» ይላሉ። ክርክሩ ክብደት አለው። እኔም የመተንፈሻ መሣሪያ በምናለሽ ተራ ብሎን ይጠገን አልልም፤ ከላይ የጠቀስኋቸው ሸበቶ ሰው ያስተማሩኝ ይህንኑ ነው፤ ያልተለካ ጥገና ጥገና አይባልም። ነገር ግን የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ይህንኑ ጥያቄ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት፥ አምራቾቹም ሆኑ ሌሎች ጠጋኞች ብዙዎቹ ጥሩና አስተማማኝ አገልግሎት እንደሚሰጡ፥ ከአምራቹ ውጭ የሆነ ሰው ስለ ጠገነ ብቻ ሰፊ አደጋ ደርሶአል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃም እንዳልተገኘ ገልጾአል። ደግሞስ የፋብሪካው ወኪል አዲስ አበባ ተቀምጦ መሣሪያው መተማ ወይም ጎዴ ቢሆን ማን ይጠብቀዋል? በይለፍ ቃል የተቆለፈ መሣሪያ ወኪሉ እስኪመጣ ይቆማል፤ ወኪሉ ካልመጣ ጓሮ ይወጣል።

ሌሎቹ ደግሞ «እኛ ድኾች ነን፥ ምድርን ያሞቁት ሀብታሞቹ ስለ ሆኑ ጭንቀቱም የእነሱ ይሁን» ይላሉ። ስለ ጭሱ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ባዜቃው፥ የባትሪው እርሳስና አሲዱ የሀብታም አገር ወንዝ ፈልጎ አይሄድም። እዚሁ ይቀራል። በዚያ ላይ መሣሪያ ጠግኖ ማኖር ድኻ ሆኖ ለተገኘ ሰው ከሁሉ የቀለለው ብልሃት ነው፤ የውጭ ምንዛሪ የሚበላው ግዢው ነው እንጂ ጎሚኒው አይደለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከግዢው መጀመር ይገባል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ሲወስን፥ አገር የሚገባውን ዕቃ መምረጥ እንደሚቻል አሳይቶአል። ለመኪና የተቻለ ለማምከኛና ለፍሪጅ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። የጥገና መመሪያው ያልቀረበ፥ የሁለት ሦስት ዓመት መለዋወጫ ያልተያዘለት፥ ለጠጋኙ የተቆለፈ፥ ሲያረጅ ማን እንደሚወስደው ያልተጻፈበት መሣሪያ በጨረታም ሆነ በስጦታ እንዳይገባ ይደረግ። የጨረታው ኮሚቴም ያለ ጥገና ሠራተኛው ፊርማ አይፈርም። ፊውዝ ለመግዛት ሦስት ፊርማ የሚጠየቅ ሰው፥ ሚሊዮን ብር ለሚያወጣ ዕቃ አንድ ፊርማ ቢሰጥ ምን ይጎዳል?

ወደ ራሳችን ስመለስ፥ በጅማ፥ በጎንደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች የባዮሜዲካል ምሕንድስና ይሰጣል። ትምህርቱ ግን ሒሳብና ሥዕል በዝቶበት እጅ ቅባት የሚነካበት ሰዓት አንሶአል ብዬ አምናለሁ። መምህራኖቻችን አይቆጡኝ እንጂ፥ የኤም.አር.አይ.ን ቀመር በሰሌዳ ላይ የሚያወርድ ተማሪ የአውቶክሌቭ ጎሚኒ ቀይሮ የማያውቅ ከሆነ፥ ሰሌዳው ያተረፈው የለም። የሕክምና ተማሪ ጓደኞቻችንና የነርስ ተማሪዎችም የኮንሰንትሬተሩን ስፖንጅ ማጠብ የእነሱም ሥራ መሆኑን ከመጀመሪያው ዓመት ቢማሩት፥ ግማሹ ብልሽት ባልደረሰ ነበር።

ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አንድ ዓመት ሙሉ በየጠቅላይ ግዛቱ ተሠማርተው ያገለግሉ ነበር። እኔ ዓመት አልጠይቅም። ከክረምቱ ዕረፍት ሦስት ሳምንት፥ ከባዮሜዲካል፥ ከኤሌክትሪክና ከኬሚስትሪ ክፍል አራት አራት ተማሪ፥ ከእነሱም ጋር አንድ መምህርና አንድ ነባር የጥገና ሠራተኛ ሆነው ወደ አንድ የወረዳ ሆስፒታል ቢሄዱ ይበቃል። የኬሚስትሪዎቹ ባዜቃውንና ባትሪውን ለይተው ያሽጋሉ፤ ሌሎቹ ሊጠገን የሚችለውን ይጠግናሉ፤ ሊጠገን የማይችለውንም ፈትተው ሞተሩን፥ ፓምፑን፥ ሽቦውን በየዓይነቱ ለይተው ለግምጃ ቤቱ በሞዴል ያስረክባሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ከራሳችን ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ሆስፒታል እንጀምር። ማኅበራችን በሚቀጥለው ጉባኤው ከጓሮው ያለው ዕቃ አንድ በአንድ እንዲመዘገብ፥ ምን እንደ ሆነ፥ መቼ እንደ ገባ፥ ለምን እንደ ቆመ እንዲጻፍ አስተዳደሩን በደብዳቤ ቢጠይቅልን እወዳለሁ። የሚያስፈልገው አንድ ወፍራም ደብተር፥ አንድ የእጅ ባትሪና የግምጃ ቤቱን ቁልፍ የያዙት ሰው ፈቃድ ነው። ደብተሩንና የእጅ ባትሪውን እኛ እናመጣለን።